የአገራችንን ዛፍ በሸክላ ውስጥ ስለ ማሳደግ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአትክልት ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዛሬው ቀን በእናንተ ፊት ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እኛ የአትክልት ክበብ አባሎች ከልብ እናመሰግናለን። ከኛ በፊት የቆሙት ጓደኞቻችን ስለ እግር ኳስ ውድድርና ስለ ቴያትር ነግረዋችኋል። እኛ ያመጣነው ነገር አይሮጥም፤ አይዘፍንምም። በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደምትመለከቱት ሰባት ሸክላዎች ተደርድረዋል። በስድስቱ ውስጥ ሕያዋን ዛፎች አሉ። ስለ ሰባተኛው በኋላ እንነግራችኋለን። ከመካከላቸው ረጅሙ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ዛሬ ጧት ተሸክመናቸው በግቢው ስናልፍ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ይህ ችግኝ መቼ ነው የሚተከለው?» ሲል ጠየቀን። «ተተክሏል እኮ» አልነው። የምንቀልድበት መስሎት ሳቀ። እኛ ግን አልቀለድንም፤ ይህ ንግግርም ለእርሱ የሚሰጥ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ዛፍን በትንሽ ሸክላ አሳድጎ ሙሉ የዛፍ መልክ እንዲይዝ የማድረግ ሥራ በዓለም ላይ የሚታወቀው «ቦንሳይ» በሚለው የጃፓን ስም ነው። ትርጕሙም በዝርግ ዕቃ ውስጥ የተተከለ ማለት ነው። ስሙ የጃፓን ይሁን እንጂ ጥበቡ የተጀመረው በቻይና ነው። በ706 እ.ኤ.አ. በተሠራ የአንድ የቻይና ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ አገልጋዮች ድንጋይና ትንንሽ ተክል ያለበትን ሳህን ይዘው ተሥለው ይታያሉ። ጃፓኖች ከቻይና ተቀብለው ብዙ መቶ ዓመታት ሲያሻሽሉት ኖረው ዛሬ በብዙ አገር የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሳሳተው እነዚህ ዛፎች ከተፈጥሯቸው ድንክ የሆኑ ልዩ ዘሮች ናቸው ብሎ በማሰቡ ነው። አይደሉም። እዚህ መካከል ላይ የምታዩት ወይራ እናቶቻችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ከሚያጥኑበት፣ አባቶቻችን በትር ከሚቈርጡበት ወይራ በምንም አይለይም። ዘሩ ሜዳ ላይ ቢወድቅ እንደ ማንኛውም ወይራ ያድግ ነበር። ትንሽ ሆኖ የኖረው በየጊዜው ቅርንጫፉና ሥሩ እየተቈረጠ፣ በየቀኑ ውኃ እየጠጣ ስለ ኖረ ብቻ ነው።

እኛም ሥራውን ስንጀምር ሌላ ስሕተት ተሳስተን ነበር። በመጽሐፍ ላይ ያየነውን የጃፓን ጥድ ካላገኘን ቦንሳይ መሥራት የማይቻል መስሎን ሁለት ወር ሙሉ በየአበባ መሸጫው ስንዞር ከረምን። አላገኘንም፤ ብናገኝም ገንዘቡ አልነበረንም። በመጨረሻ የክበባችን ኃላፊ የሆኑት መምህር ወደ ግቢው አጥር ወሰዱንና «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። ክትክታ ነበር። ሁላችንም ክትክታን እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን ለማገዶና ለአጥር ነው እንጂ ሰው ተቀምጦ የሚያየው ዛፍ ነው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። መምህሩ ተንበርክከው ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ግንዱን አሳዩን። ግንዱ ተጠማዝዞ፣ ልጡ እየተላጠ፣ ልክ የመቶ ዓመት ዛፍ ይመስል ነበር። ቁመቱ እስከ ጉልበታችን ነው።

ከዚያን ቀን በኋላ ዓይናችን ተለወጠ። ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ ያለውን ኮረብታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። በባሕር ዛፉ መካከል በየድንጋዩ ጥግ ግን የጥንቱ ጫካ ትራፊዎች፣ ወይራውና ክትክታው፣ አጋሙና ቀጋው አሁንም አሉ። ፍየል በየቀኑ ጫፋቸውን ትቀነጥባለች። እንጨት ለቃሚ በምሳር ይቈርጣቸዋል። እነርሱ ግን ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣሉ። ብዙ ዓመት እንዲህ የኖረ ወይራ ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ግንዱ እንደ ሰው ክንድ ይወፍራል። ጃፓኖች የዚህን ዓይነት ዛፍ ነፋስና በረዶ ከሚመታው ገደል ላይ እየፈለጉ ያመጡ ነበር። በኛ ኮረብታ ላይ ይህን ሥራ የምትሠራው ፍየል ናት፤ ማንም አላመሰገናትም እንጂ ከኛ ይልቅ ጎበዝ አትክልተኛ ናት።

አሁን የምንነግራችሁን መናገር ደስ አይለንም። ይሁን እንጂ ሳንነግራችሁ ብናልፍ ይህን ወይራ እያያችሁ የምታደንቁን ያለ አግባብ ይሆናል።

ዛሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሆንነው አባሎች ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከኮረብታው ላይ አንድ ወይራ ነቀልን። ወሩ ጥር ነበር፤ መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ሥሩ ከቋጥኝ ሥር የገባ ስለ ነበር በዶማ እየቈረጥን አወጣነው። ውኃ የሚስበው ቀጭኑ ሥር ሁሉ እዚያው ቀርቶ እኛ ይዘን የመጣነው ወፍራሙን ጉቶ ብቻ ነበር። ይህን በዚያን ጊዜ አላወቅንም። በሚያምር ሰፊ ሳህን ተክለን በክፍላችን መስኮት ላይ አስቀመጥነው። በ40 ቀን ውስጥ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ሳይረግፍ እዚያው እንዳለ ደረቀ።

አንድ ቀን የወላጆች ስብሰባ ተደርጎ በኮረብታው ግርጌ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው ጉዳይ መጡ። ደረቁን ወይራ ባዩ ጊዜ ቀረብ አሉና «ይህ የዚያ የድንጋዩ ሥር ወይራ አይደለምን?» አሉን። «ነው፣ አባባ» አልናቸው። ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ እንደ ነበርና ወይራው ያን ጊዜም በዚሁ መጠን እንደ ነበር ነገሩን። ቀጥለውም «ልጆቼ፣ ፍየልም ምሳርም ያልገደለውን እናንተ ወዳችሁ ገደላችሁት» አሉ። አልተቈጡንም። ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

የክበባችን የመጀመሪያው ደንብ በዚያው ሳምንት በመዝገብ ተጻፈ። ከኮረብታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደንም ሆነ ከማንኛውም ቦታ፣ በሚኖርበት ሥፍራ መኖር የሚችል ዛፍ አይነቀልም። ይህ ደንብ የትም ቢሠራ መልካም ይመስለናል። ለሥራችን የሚሆን ዛፍ ግን አላጣንም። በየዓመቱ ክረምት ችግኝ ሲተከል ሳይተከሉ የሚቀሩ ችግኞች አሉ፤ ሥራቸው በላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ በየጥጉ ተጥለው ይደርቃሉ። እነርሱን እንለምናለን። ለደን የማይፈለገው የተጣመመ ችግኝ ለኛ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ከዘርና ከቍራጭ ያበቀልናቸውም አሉ። ከዚህም በቀር ለግንባታ ከሚቈፈር ቦታ፣ ቢቀር የሚጠፋውን ዛፍ አስፈቅደን እንወስዳለን።

ይህ ወይራ የተገኘው እንዲሁ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ለአዲሱ ክፍል መሠረት ሲቈፈር በቀድሞው አጥር መሥመር ላይ ለብዙ ዓመት በየጊዜው እየተቈረጠ የኖረ የወይራ ጉቶ ተገኘ። ርእሰ መምህሩ ፈቀዱልን፤ የግንባታው ኃላፊም የሦስት ቀን ጊዜ ሰጡን። ከመጀመሪያው ስሕተታችን የተማርነውን ሁሉ በሦስቱ ቀን ተጠቀምንበት። ከዙሪያው ራቅ ብለን ቈፈርን፤ ቀጭኑን ሥር ከነአፈሩ በርጥብ ጆንያ ጠቀለልን፤ ሥሩ የቀነሰውን ያህል ቅርንጫፉንም ቀነስን። በሳህን አልተከልነውም። ከጣውላ በሠራነው ትልቅ ሣጥን ውስጥ አስገብተን ከዛፍ ጥላ ሥር አኖርነው። ሣጥኑን የሞላነውም ግንበኞቹ ለወለል ከጣሉት ሬዳሽ ከሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ የመረጥነውም አጠገባችን የነበረ እርሱ ስለ ሆነ እንጂ አውቀን አልነበረም።

አምስት ሳምንት ምንም አልታየም። ከመካከላችን አንዱ በየሁለት ቀኑ ልጡን በጥፍሩ ጫር እያደረገ ከሥሩ አረንጓዴ መሆኑን ይመለከት ነበር። ጓደኞቹ «ደግሞ በመጫር እንዳትገድለው» ብለው ከለከሉት። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከወፍራሙ ጉቶ ከርሰ ምድር አጠገብ የስንዴ ቅንጣት የሚያክል እምቡጥ ወጣ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለ ነበር መጀመሪያ ያዩት ዘበኛው ናቸው፤ በስልክ ደውለው «እንጨታችሁ ነቃ» አሉን።

በዚያው ክረምት ሌላ ነገር ደግሞ ተማርን። ወይራው በሬዳሽ ሣጥን ውስጥ ሲያቈጠቍጥ ከግቢያችን በተቈፈረ ዋልካ አፈር የተከልናቸው 20 ችግኞች አንድ በአንድ ይሞቱ ነበር። ዋልካ ለጤፍ መልካም መሬት ነው፤ በሸክላ ውስጥ ግን ሲረጥብ ያብጥና አየር ይከለክላል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቀጭኑን ሥር ይበጣጥሳል። ከሸክላው ስናወጣቸው ሥራቸው ጠቍሮ ይሸት ነበር። የተረፉት 6 ብቻ ናቸው። ሥር ውኃን ብቻ ሳይሆን አየርንም እንደሚፈልግ በክፍል ውስጥ ተምረነው ነበር፤ ለፈተናም ጽፈነዋል። ማወቅ ግን ያን ቀን አወቅነው። አሁን ከሁለት እጅ ሬዳሽ ጋር አንድ እጅ የበሰለ ፍግ እንቀላቅላለን። ሬዳሹን በወንፊት እንነፋለን፤ አቧራውን ጥለን ከምስር የሚበልጠውን፣ ከሽምብራ የማይበልጠውን እናስቀራለን። ይህ ጠጠር በውስጡ ብዙ ቀዳዳ ስላለው ውኃም አየርም ይይዛል። በሌላ አገር ያሉ የቦንሳይ ሰዎች ተመሳሳዩን ጠጠር በከረጢት እየገዙ ይጠቀሙበታል፤ እኛ ግን በቢሾፍቱ አካባቢ በተራራ መጠን አለን።

ስለ ሸክላዎቹም ጥቂት እንበል። በገበያ ቀን ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሄደን ዝርግ፣ እግር ያለውና በሥሩ ሦስት ቀዳዳ ያለው ዕቃ እንዲሠሩልን ለመንናቸው። እርሳቸውም «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቀዳዳ አለበት ብሎ ሲመልስልኝ ኖሬአለሁ፤ ቀዳዳ አድርጊልኝ ብሎ የመጣ ዛሬ ገና አየሁ» ብለው ሳቁ። ዛፉን ወስደን ስናሳያቸው ግን ሳቁን ትተው ዙሪያውን ተመለከቱና ከንፈሩ ወደ ውጭ መገልበጥ እንዳለበት፣ ቀለሙም መጥቈር እንደሌለበት እርሳቸው ነገሩን። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሸክላዎች ሁሉ የእርሳቸው እጅ ሥራ ናቸው፤ ለዛፉ የምትሰጡንን ምስጋና ግማሹን ለእርሳቸው እናስተላልፋለን።

ከናንተ መካከል ሥራውን ለመጀመር የሚፈልግ ቢኖር ከሁሉ አስቀድመን የምንለው ቶሎ በትንሽ ሸክላ አትትከሉ ነው። ግንድ የሚወፍረው ቅጠሉ ሲበዛ ነው። ቀጭን ችግኝ በትንሽ ሳህን ብትተክሉት አሥር ዓመትም ቢኖር ቀጭን ችግኝ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ በመሬት ወይም በትልቅ ዕቃ እንደ ልቡ ይደግ፤ ግንዱ የሚፈለገውን ያህል ሲወፍር ከላይ ይቈረጥና ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ትንሹ ሸክላ ይዛወር። የኛ ወይራ ሁለት ዓመት በሣጥን ኖሮ ወደዚህ ሸክላ የገባው ባለፈው ሰኔ ነው። ሁለት ዓመት ምንም ሳይነኩ መቀመጥ ከሥራው ሁሉ የከበደን ክፍል ነበር።

የመቍረጡ ምስጢር ደግሞ በባዮሎጂ የተማርነው ነው። በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ አውክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ ከበታቹ ያሉትን እምቡጦች እንዳይነቁ ያደርጋል። ጫፉ ሲቈረጥ ክልከላው ይነሣና የጎን እምቡጦች ይነቃሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ቅጠሉም እየተደጋገመ ሲቈረጥ ያንሳል። አበባና ፍሬ ግን አያንሱም። አጋማችን ሲያፈራ ፍሬው ሜዳ ላይ ካለው አጋም ፍሬ ጋር እኩል ስለ ነበር ዛፉ ሸክም የበዛበት አህያ መስሎ ነበር።

ዛፍ ሁሉ ግን ጠባዩ አንድ አይደለም። ወይራ ይቅር ባይ ነው፤ ከአሮጌ ጉቶ እንኳ ያቈጠቍጣል። ይኸው የኛ የዱር ወይራ በደቡብ አፍሪካ ያሉ የቦንሳይ ወዳጆች ከሁሉ አብልጠው ከሚሠሩባቸው ዛፎች አንዱ መሆኑን ስንሰማ እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ጥድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አረንጓዴው በሙሉ የተወሰደበት የጥድ ቅርንጫፍ እንደ ገና አያቈጠቍጥም፤ ይደርቃል። አንድ ጓደኛችን ጥዱን እንደ ወይራ ቈርጦት ወይራ እንዳልሆነ ተረዳ። ክትክታ ከዘር በቀላሉ ይበቅላል፤ ዘሩ ልቡሱ ጠንካራ ስለ ሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ማዋል ይጠቅማል፤ ሥሩ ሲነካ ግን ያኰርፋል። ዋርካን ሁሉም ሰው ይመኘዋል፤ ነገር ግን ቅጠሉ ከመዳፍ ስለሚሰፋ በአንድ ክንድ ዛፍ ላይ አሥር ቅጠል ብቻ ይሆንና ጐመን ይመስላል። በእርሱ ፈንታ ዘመዱን ጭብሃን እንመክራለን። ቅጠሉ ትንሽ ነው፤ ከቅርንጫፉም ሥር ያወርዳል።

ስለ ቅርጽ ስንነጋገር በክበባችን ውስጥ ክርክር ነበር፤ አሁንም አላለቀም። በመጀመሪያ የጃፓን ሥዕል እያየን የኛንም ዛፍ የጃፓን ጥድ እናስመስል ነበር። በትምህርት ጉዞ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሄድንበት ቀን ግን ከአውቶቡሱ መስኮት ግራሮቹን አየናቸው፤ ግንዳቸው ዘንበል ብሎ አናታቸው እንደ ዣንጥላ ተዘርግቷል። «እኛ ያላየነውን ተራራ ጥድ ስናስመስል ይህ እያለልን?» አለ አንዱ። ደቡብ አፍሪካውያኑም የግራርና የባኦባብ ቅርጽ የሆኑ የራሳቸውን ስልቶች አውጥተዋል። ከግራ በኩል የመጀመሪያው ግራር በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው። አናቱ ገና ጠፍጣፋ ሆኖ አልተዘረጋም፤ ቢሆንም ስታዩት የት እንዳለ ትገምታላችሁ። ቅርንጫፉን የምናጐብጠው በመዳብ ሽቦ ነው፤ ሽቦው በእሳት ከተሞቀ በኋላ ሲበርድ ይለሰልሳል። በየሁለት ሳምንቱ ካልታየ ግን ቅርንጫፉ ሲወፍር ሽቦው ልጡን ይበላል። በግራሩ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚህ የመጣ ነው፤ የአጋማሽ ፈተና ሳምንት ነበርና ረሳነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የተማሪ እናት እነዚህን ዛፎች አይተው «ይህን የእግዜር ፍጥረት ስለ ምን ታሠቃዩታላችሁ?» ሲሉ ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ብዙ ተነጋግረንበታል። በትክክል የተያዘ ቦንሳይ የተራበ ዛፍ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ ውኃና ፍግ በጊዜው ያገኛል፤ ሥሩም ሲቈረጥ አዲስ ቀጭን ሥር ያወጣል። ብዙ መቶ ዓመት የኖሩም አሉ። ይሁን እንጂ እናቲቱ ያሉትን በሙሉ ስሕተት ነው ልንል አንችልም። ሜዳ ላይ ያለ ዛፍ ማንንም አይለምንም። በሸክላ ያለ ዛፍ ግን ሕይወቱ በኛ እጅ ነው፤ ረስተነው ብንውል የሚሄድበት የለውም።

ሰባተኛውን ሸክላ አሁን ተመልከቱት። በውስጡ ያለው ክትክታ የደረቀ ነው። ከአጥሩ ክትክታ ዘር ወስደን ያበቀልነው፣ ለክበባችን የመጀመሪያው የራሳችን ዛፍ ነበር። የሞተው ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሳምንት ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰማዩ ራሱ ያጠጣልናል፤ የሚያስፈራን በበጋ መጨረሻ ያለው የፋሲካ ዕረፍት ነው። ተረኛ ነበር፤ ተረኛው ወደ አገር ቤት ሲሄድ ለሌላው ነገረ፤ ሌላው ደግሞ ሦስተኛው የሰማ መሰለው። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ልናደርግ ሞክረን ነበር፤ መዝገቡን ስናየው ግን የሁላችንም ስም እዚያው ነው። ክትክታ ሜዳ ላይ ድርቅን የሚንቅ ዛፍ ነው። ሜዳ ላይ ግን ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሸክላ ውስጥ አራት ጣት ብቻ ወርዶ ይቆማል። ስድስት ቀን በቃው። ዛሬ ሊያፍሩበት የሚገባውን ነገር ለምን ታመጣላችሁ ያሉን አሉ። ያለ እርሱ ስድስቱን ብቻ ብናሳያችሁ ሥራውን ግማሽ ማሳየት ስለ መሰለን ነው።

አንድ ጉዳይ ይቀረናል። ባለፈው ጥቅምት አንድ እንግዳ ወይራውን አይተው ለመግዛት ጠየቁን። ያቀረቡት ገንዘብ ለክበባችን መጋዝ፣ መቀስና የውኃ ቱቦ ገዝቶ የሚተርፍ ነበር። ሁለት ስብሰባ ተከራከርን። በመጨረሻ በ11 ድምፅ ለ9 አንሸጥም ተባለ። አሁን ስናስበው ግን አትሽጡ ካልነው አብዛኞቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን፤ በሰኔ ፈተናችንን ወስደን እንሄዳለን። ይሸጥ ያሉት ግን አብዛኞቹ ታናናሾቻችን ናቸው፤ የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። ዛፉ እንዲቀር የወሰንነው እኛ፣ የሚያጠጡት እነርሱ ሊሆኑ ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንዶቻችን እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ስምምነት ያለ ለማስመሰልም አንፈልግም።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን በብሔራዊ የዛፎች ማሳያ ውስጥ በ1625 እ.ኤ.አ. መሠልጠን የጀመረ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። 400 ዓመት ማለት ነው። ያማኪ የሚባል የሂሮሺማ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፈው ኖሯል። በሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. የአቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ ሲጣል ዛፉ ከፍንዳታው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከቤተሰቡ የአትክልት ቦታ ግንብ ኋላ ቆሞ ነበርና ተረፈ። በ1976 እ.ኤ.አ. ጃፓን ለአሜሪካ ሕዝብ ከሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ ሆኖ ሄደ። ቤተሰቡ ስለ ቦምቡ አልተናገረም። በዋሽንግተን የሚያጠጡት ሰዎች ከየት እንደ ተረፈ ያወቁት ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የለጋሹ የልጅ ልጆች ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ታሪኩን ሳያውቁ በየቀኑ ሲያጠጡት ኖረዋል። በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ አስበናል። የኛ ዛፍ በትምህርት ቤት የሚኖር እንደ መሆኑ ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ አሳዳጊው በየአራት ዓመቱ ይለወጣል። 40 ዓመት ቢኖር አሥር ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሊያልፍ ነው። አንዱ ብቻ ለአንድ የፋሲካ ሳምንት ቢረሳው ያበቃል።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ አንድ ለውጥ አድርገናል። ከመስከረም ጀምሮ የወይራው ተረኞች በድምፅ የተወሰነባቸው ሳይሆኑ ፈቅደው ስማቸውን የጻፉ ብቻ ይሆናሉ። እስከ መስከረም 30 ቀን መስመሮቹ ካልሞሉ ታናናሾቻችን እንደ ገና ድምፅ ሰጥተው ሊሸጡት ይችላሉ፤ እኛም እንዳንቃወም በፊርማችን አረጋግጠናል። ገዢው ከነሬዳሹ፣ ከነሸክላውና የሰኔ ሥር ቈረጣው እንዴት እንደሚደረግ ከጻፍንበት ወረቀት ጋር ይረከባል።

መዝገቡ ከነእርሳሱ እዚህ በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ያለው የኛ ስም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዘበኛው ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ይመለከቱልናል። ከመስከረም 1 ቀን ወዲህ ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው። ቀርባችሁ ስትመለከቱ በግንዱ ሥር ያለውን የአረንጓዴ ሽበት እባካችሁ በእጅ አትንኩት፤ በቀላሉ ይነቀላል። የወይራውን ሸክላ ማንሣት የሚፈልግ ቢኖር ለብቻው አያንሣው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ውኃ ማጠጫው ጣሳ ከዘበኛው ቤት ኋላ ባለው ቧንቧ አጠገብ ተሰቅሏል።